«ሰዎቼ» ያልሽው ቃል

ሐዋ፣ ልጃችን ሰአዳ ቃልሽን ከቦኖው ሰሌዳ ላይ አስቀርታ የራሷን ቃል አስጻፈችበት። እኔ ሳላውቅ፣ እኔ በሌለሁበት ቀን። የተበደልኩት ይህን ነው። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ከሰላምታው በፊት ተናገርኩት።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። አሰላሙ አለይኩም፣ የዕድሜዬ ጓደኛ። ከተለያየን ዓመት ሞላን። የዓመት ሰደቃሽን አውጥተን ድንኳኑን ካፈረስን ገና ሳምንቱ ነው፤ የተረገጠው የግቢው ሣር ቀና አላለም። ደህና ነኝ አልልሽም። አለሁ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። በጓሮ በኩል ያፈስ የነበረው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል፤ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ። የስፌት መኪናዬን ከበረንዳ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ዓይኔ ደክሟል፤ የተማሪ ሱሪ ከማሳጠርና ጆንያ ከመጥቀም በቀር ሌላ ሥራ አልቀበልም። ክሩን በመርፌው የምታሾልኪልኝ አንቺ ነበርሽ። አሁን ደጅ ቆሜ መንገደኛ እጠብቃለሁ፤ ባለባጃጅ ሳይቀር አስቁሜ ክር አስገባልኝ እላለሁ። ይስቃሉ፣ ግን ያስገቡልኛል። ጎረቤታችን ዘምዘም ራት ትልክልኛለች። ጨው ታበዛለች። ነገርኳት፣ ተቀየመች፣ አሁንም ታበዛለች። ቀይዋ ዶሮሽ ጠቅልላ እሷ ግቢ ገብታለች፤ እኔም አልተከተልኳት። እንግዶቹ የከረሙበትን ክፍል ሽንኩርት ለማስቀመጥ ሁለት ነጋዴዎች ጠየቁኝ፤ ለሁለቱም እምቢ አልኩ። ባዶውን ይቀመጥ።

ጠቡ የመጣው ከእንግሊዝኛው ስለሆነ ከእሱ ልነሣ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ያለኝ ሬዲዮና አንድ የተዛወረ መምህር ትቶልኝ የሄደው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነበር። መዝገበ ቃላቱን ከመኪናው ጎን ዘርግቼ፣ እግሬ ፔዳሉን ሲረግጥ አፌ ቃል ያጠናል። አንቺ ለሰፈሩ ሴቶች ይኸ ሰውዬ ከጨርቁ ጋር እንግሊዝኛም ይሰፋል እያልሽ ታስቂያቸው ነበር። አልከፋኝም። ከፋኝ ካልኩም ለይምሰል ነው።

ያቺን ፈረንጅ ታስታውሻታለሽ? ባሏ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሲሄድ ሴት አይገባም ተብላ ከመንገድ የተመለሰችውን። ፀሐይ ሲመታት አይተሽ በእጅሽ ጠርተሽ በረንዳችን ላይ አስቀመጥሻት። ምስር እየለቀምሽ ነበር። ሳትጠየቅ እጅጌዋን ሰብስባ አብራሽ ጠጠር መልቀም ጀመረች። አንድ ቃል ሳትለዋወጡ ሰፌዱን ጨረሳችሁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ ሰው ነሽ በላት አልሽኝ። እኔም መርፌዬን አቁሜ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ሰው የሚለው ጋ መጀመሪያ የተጻፈውን ቃል ይዤ ዩ አር ኤ ማን አልኳት፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ ሬዲዮው። ሴትዮዋ በድንጋጤ ሻሿን ነካካች፣ ጡቷን አየች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወንድ ነሽ ብያት ኖሯል።

አንቺ ግን የገረመሽ ሌላ ነው። ሰውን ማን እንደሚሉት ስነግርሽ ወገብሽን ይዘሽ፣

«ታዲያ እነሱ ሰውን አያውቁትማ! ባዩት ቁጥር ማን? ማን? እያሉ ነዋ የሚኖሩት» አልሽ።

ከዚያ ቀን በኋላ ተወው ብትይኝም አልተውኩትም። ስህተቴ እንቅልፍ ነሥቶኝ ስለ ሰው ያላቸውን ቃል ሁሉ መልቀም ያዝኩ። ፐርሰን አንዱ ሰው ነው። ሂዩማን አለ፤ እሱ ከእንስሳ ሲለይ ነው። ፎክ የሚሉት አለ፤ የአገር ቤት ሰው እንደማለት መሰለኝ፣ እስካሁን አልጨበጥኩትም። ፒፕል አለ፤ ይህ ሰፊ ነው፣ ገበያ የወጣውንም ቤት የተቀመጠውንም ይይዛል። አንድ በአንድ እየነገርኩሽ አንቺ ሽንኩርት ትከትፊያለሽ። የእኛ ሰው የሚለው ቃል ግን በአንዱም ውስጥ ሞልቶ አልገባልኝም። እኛ እኮ ሰው መጣ ስንል እንግዳ ነው። የሰው ዕቃ ነው ስንል አትንኩ ማለታችን ነው። ሰው የለኝም ያለ ዘመድ የለኝም ማለቱ ነው። ሰው ነሽ ደግሞ አንቺ ለዚያች ሴትዮ ያልሻት ነው። በየትኛው እንግሊዝኛ ይቆረጣል ይህ? ሰፊ ነኝና አውቃለሁ፣ ጨርቁ አይበቃም።

በኋላ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ከሰሜን በኩል ሰው ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ በአስፋልቱ ይጎርፍ ጀመር። አንቺ መንገድ ወጥተሽ ብርቱካንን፣ ልጆቿንና አማቷን ይዘሽ መጣሽ። ከበስተኋላቸው ሌሎችም ነበሩ፤ እነሱንም አስገባሽ። ቤቱ ሞላ። እኔ ከመኪናው ጋር ጓዳ ገባሁ። ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላም ነን፤ የአንዳችን ሥጋ ለሌላችን አይሆንም። አንቺ ማንም አንገቱን እንዳይደፋ ብለሽ እነሱ እስኪሄዱ ድረስ ሥጋ ወደ ግቢው እንዳይገባ አደረግሽ። የመውሊድ በግ ሲታረድ ድርሻችንን ከደጅ መልሰሽ ለዘምዘም ላክሽው። ሽታው በአጥር ሲመጣ እኔ ሽሮ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ያን ቀን ያጉረመረምኩትን ሰምተሽ እንዳልሰማሽ ሆንሽ።

የቀበሌው ልጅ መዝጋቢ ሆኖ በየቤቱ ሲዞር እኛ ጋም መጣ። በር ላይ ቆሞ እነዚህ ምንሽ ናቸው አለሽ። ብርቱካን ከኋላሽ ነበረች፣ አማቷም ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ሰዎቼ ናቸው» አልሽው።

እሱም ዘመዶቿ ናቸው ብሎ ገባውና አልፎ ሄደ። ስንዴና ዘይት ሲታደል ለእኛ ቤት አልመጣም፤ ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው ተፈናቃይ አይባልም ተባለ። ጓዳችን ያለውን ሁሉ እያወጣሽ ቀቀልሽ። ሄጄ ቃልሽን ላስተካክል፣ ዘመድ አይደሉም ልበላቸው ስልሽ እጄን ያዝሽኝ። ልጅቷ እየሰማች ተፈናቃይ ናት ልበል ኖሯል? ቤቷን አጥታ መጣች፣ ስሟን ደግሞ እኔ ልቀማት? ይህን ነው ያልሽኝ። ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። 

አገሩ ሲረጋጋ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ አንቺ ታመምሽ። ያንን አልጽፍም፣ አንቺ ነበርሽበት።

ከሞትሽ በኋላ ብርቱካንና ሌሎቹ መልእክት ላኩ፤ ለሐዋ መታሰቢያ አንድ ነገር ይሠራ አሉ። ሰፈሩም ተሰበሰበ። ከደጃችን ዝቅ ብሎ ቧንቧ ለመዘርጋት አንድ የውጭ ድርጅት አገዘ፤ ሴቶቹ አሁን እዚያ ይቀዳሉ። ሰሌዳው ትንሽ ቆርቆሮ ነው። ከላይ በአማርኛ የሐዋ መታሰቢያ ቦኖ ይላል። ከሥር ለረዱት ፈረንጆች አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ይጻፍ ተባለ። እኔም ሌላ ነገር አይጻፍ፣ ራሷ ያለችው ይጻፍ አልኩ። ዘይ አር ማይ ፒፕልስ። ሰዎቼ ናቸው። በወረቀት ጽፌ ለሠዓሊው ሰጠሁት።

ሰአዳ በእረፍቷ ከደሴ ስትመጣ ወረቀቱን አየችው። የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ኤ ቢ ሲን በጠመኔ በመኪናው ጠረጴዛ ላይ ያሳየኋት ግን እኔ ነኝ። አባ፣ ፒፕል ራሱ ብዙ ነው፣ ኤስ አይጨመርበትም አለችኝ። አልተቀበልኳትም። ሰው ሲበዛ ሰዎች ይባላል፤ የበዛ ነገር ጅራት ሊኖረው ግድ ነው። ደግሞ ፒፕልስ ሲባል በሬዲዮ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እሱ ሕዝቦች ማለት ነው አለች። ይሁን፣ ቤቴ ውስጥ ሕዝብ ነበር አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ኤሱን ብተውም ሌላ ነገር አመጣች። ማይ ፒፕል ካልን ፈረንጁ ወገኖቼ፣ ዘሮቼ ስለሆኑ አስጠለልኳቸው ያለች ይመስለዋል አለች። ሰው በዘር በሚፈላለግበት ጊዜ እናቴ ዘር ጠይቃ አላስገባችም፤ እንዲህ እንዲነበብባት አልፈልግም ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህ ነገሯ ከንቱ አይደለም፤ አልክድም። ነገር ግን አንዳችን ለሌላችን አልተረታንም። እኔ ያለችው ይጻፍ አልኩ፣ እሷ ያላለችው እንዳይነበብ አለች። በዚሁ ተለያየን።

እኔ ለዓይኔ ደሴ ሐኪም ቤት በሄድኩበት ቀን እሷ ከደሴ ወደ እኛው ከተማ፣ ወደ ሐይቅ መጣች። አስፋልቱ ላይ በሁለት ሚኒባስ ተላልፈን ይሆናል። ስመለስ ባለባጃጁ ሰሌዳው ተተከለ፣ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ወርጄ አነበብኩት። ዓይኔ ደካማ ነው ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ሺ ሼልተርድ ዲስፕሌስድ ፐርሰንስ ኢን ኸር ሆም። በቤቷ ተፈናቃዮችን አስጠለለች ነው የሚለው።

ስህተት የለበትም። ሰዋስው አዋቂ ቢፈትሸው አንድ ክር አይመዘዝበትም። ነገር ግን ፐርሰንስ ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያንኑ ዕለት ደሴ፣ ሐኪም ቤቱ አሳንሰር ውስጥ፣ ስንት ሰው እንደሚጭን የሚናገረው ጽሑፍ ላይ አይቼው ነበር። ለሚዛን፣ ለመዝገብ፣ ለፖሊስ የሚሆን ቃል ነው። ለዚያ መዝጋቢ አልናገርም ያልሽውን ስም ልጅሽ በቀለም አጽፋ በራስሽ ቦኖ ላይ ሰቀለችው።

በልግ ሙሉ አላናገርኳትም። ስልክ ስትደውል ለዘምዘም ሰጠሁ። ደህና ነው በያት አልኩ። ዘምዘም ሁለታችሁም አንድ ራስ ነው ያላችሁ፣ ድንጋይ ነው አለችኝ። ውሃ የምቀዳው ከታችኛው ቦኖ ሆነ፤ ይርቃል፣ ጉልበቴ ያመኛል፣ ቢሆንም ከዚያ ቀዳሁ።

የዓመት ሰደቃሽ ቀን ሰአዳ መጣች፣ እጄን ሳመች፣ ጓዳ ገባች። ሰላምታዋን ተቀበልኩ፣ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሸኹ ከቁርአን ያሲንን አነበቡ፣ ዱአ ተደረገ። ብርቱካንም ከአገሯ መጣች። ዘምዘም አንቺ ታደርጊው እንደነበረው ለእሷ ሽሮና ጎመን ለብቻ ሠርታ ጠበቀቻት። ያ ቀን ጨው ትክክል ነበር፤ ልንገርሽ ብዬ ነው። አማቷ አሮጊቷ እንደሞተች ነገረችን። ካንቺ ጋር በአንድ ቁርበት የተኛችዋ።

ሰው ሲበተን ብርቱካን ቦኖውን አሳዩኝ አለች። ሦስታችን ወረድን፤ እኔ፣ እሷ፣ ሰአዳም ከኋላ። የአማርኛውን ራሷ አነበበች። ሐዋ የሚለውን በመዳፏ ጠራረገችው፣ አቧራ አልነበረበትም። ከዚያ ከሥሩ ወዳለው እንግሊዝኛ ዞረች። አማቷ ልትሞት ሰሞን ሐይቅ ላይ ስለእኛም ተጽፏል ሲሉ ሰምታ ምን እንደሚል እወቂልኝ ብላት ነበር። በየሄዱበት ተፈናቃይ ሲባሉ ቆይተዋል፤ በመጠለያው፣ በእርዳታው ሰልፍ፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እንኳ። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት እንደምትፈልግ።

«እዚህስ ምን ብለው ጻፉን፣ ጋሽ ይመር?» አለችኝ።

ሐዋ፣ እድሜዬን በሙሉ ሰው ወረቀት ይዞ አንብብልን እያለ ደጄ መጥቷል። የፍርድ ቤት መጥሪያም ቢሆን፣ የሞት መርዶም ቢሆን የተጻፈውን አነብ ነበር። ለማንም ብዬ ፊደል አለስልሼ አላውቅም። አንዳንዶቹ ደረቅ ብለውኛል፤ ደረቅ ነኝ። ሰሌዳውን አየሁ። ከኋላዬ ሰአዳ ቆማለች። አንድ ቃል ብቻ እንደተጻፈው ባነብ ልጄ የዘራችውን በሰው ፊት ታጭዳለች፤ በልግ ሙሉ ስመኘው የነበረው ይህንን ነው። ብርቱካን ደግሞ ያንኑ ስም ይዛ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ተፈናቃይ።

«‘ሰዎቼ ናቸው’ ይላል» አልኳት።

 ጣቷን አንሥታ መስመሩን ከጥግ እስከ ጥግ ተከተለችው፣ ማንበብ እንደሚማር ሰው። ከዚያ፣

«የትኛው ነው ሰዎቼ የሚለው?» አለች።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። አንድ ጊዜ ከዋሹ ሁለተኛው እንደሚከተል የሚያውቀው ውሸት የለመደ ሰው ነው፤ እኔ አልለመድኩም።  ሰአዳ ከኋላዬ ወጥታ መጣች። ወደ እኔ አላየችም። የብርቱካንን ጣት ያዘችና ቀስ ብላ ወስዳ ፐርሰንስ የሚለው ላይ አሳረፈችው።

«ይኸ ነው፣ እቱ» አለቻት። «እማዬ ያለችው ቃል ይኸ ነው።»

ብርቱካን ጣቷን ከዚያ ቃል ላይ ቶሎ አላነሣችም። የመጀመሪያውን ፊደል መልክ ደጋግማ ዞረችበት፤ ለአማቷ መቃብሯ ድረስ ሄዳ ልትነግራት እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ ከቧንቧው በእፍኟ ጠጣች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ወደ መናኸሪያ ሸኘናት።

ስንመለስ ሰአዳ በመንገዱ ስታለቅስ መጣች። እኔ አላለቀስኩም፣ ዓይኔ ግን እንደምታውቂው ታሟል። ቤት ስንደርስ አባ፣ ነገ ሠዓሊውን ጠርቼ እንደፈለጉት አስጽፈዋለሁ፣ ኤሱንም ቢሆን አስገባልዎታለሁ አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ቀለሙ ከተነካ ለምን ተነካ የሚል ይመጣል፤ ወሬው በሚኒባስ ተጭኖ ብርቱካን ጋ ይደርሳል። የተጻፈው እንደተጻፈ ይቆይ። ያቺ ሴት ጣቷን ያሳረፈችበት ቃል ሰዎቼ ነው፤ በየትኛውም መዝገበ ቃላት ቢፈለግ ባይገኝም። በማግስቱ ሰአዳ ከመሄዷ በፊት መርፌዬን ሁሉ ሰብስባ በየቀለሙ ክር አሾልካልኝ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰክታልኝ ሄደች። እኔም በስተማታው ከላይኛው፣ ከአንቺው ቦኖ ውሃ ቀዳሁ።

አንቺን በተመለከተ ግን ስሚኝ። በየጁምዓው ቀብርሽ ላይ ቆሜ ዱአ አደርግልሻለሁ፣ እግሬ እስካለ ድረስ። እግሬ ሲከዳኝ ከደጄ ሆኜ በአንቺ በኩል ዞሬ አደርጋለሁ። ሽሮ በበላሁ ቁጥር ስምሽን አነሣለሁ። ክፍሉንም ባዶ አቆየዋለሁ፤ አንድ ቀን ሰው ይመጣ ይሆናል። አላህ ይዘንልሽ፣ ጀነት ቤትሽ ይሁን።

የሰሌዳውን ነገር ግን እዚህ ላይ ዘግቼዋለሁ። ለሰአዳ አላነሣባትም፣ ለዘምዘም አልመልስላትም፣ ማንም ቢጠይቀኝ አልሰማሁም። በአኼራ ስንገናኝ አንቺም አትጠይቂኝ፤ ለአንቺም ቢሆን ሁለተኛ አልናገርም።